ሞድ መጫን የሚቀልለው መቼ ነው?

እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በ2011 ማይንክራፍት የሚባለውን የቪዲዮ ጨዋታ የሚጫወት ሰው አንድ ሞድ፣ ማለትም በጨዋታው ላይ የሚደረግ ለውጥ፣ ለመጨመር ሲነሳ የሚጠብቀው ሥራ ይህን ይመስል ነበር። መጀመሪያ የጨዋታውን ዋና ፋይል ኮምፒውተሩ ውስጥ ፈልጎ ያገኛል፤ ፋይሉ የተቀመጠው ዊንዶውስ ራሱ ከዕይታ በሚሰውረው ፎልደር ውስጥ ነው። ከዚያ ፋይሉን እንደ ዚፕ ከፍቶ የሞዱን ቁርጥራጮች ወደ ውስጡ ይጨምራል። ቀጥሎ ሜታ-ኢንፍ የምትባለውን ትንሽ ፎልደር ፈልጎ ያጠፋል። ይህቺን የረሳ ሰው ጨዋታውን ሲከፍት የሚያየው ጥቁር ስክሪን ብቻ ነው፤ ለምን እንደጠቆረ የሚነግረው አንድም ቃል አልነበረም።

ምክንያቱ ግን ግልጽ ነበር። በዚያች ፎልደር ውስጥ ዋናው ፋይል ያቀፋቸው ክፍሎች ሁሉ ዲጂታል ፊርማ ተቀምጧል። ማይንክራፍት የተሠራበት ጃቫ ፋይሉን ሲያነብ ፊርማውን ያመሳክራል፤ የተለወጠ ነገር ካገኘ አልቀበልም ይላል። እንግዲህ ተጫዋቹ ሞድ ለመጨመር በመጀመሪያ በር ጠባቂውን ማባረር ነበረበት። ይህን ሁሉ ደክሞ ከጨረሰ በኋላ ደግሞ አዲስ የጨዋታው ማሻሻያ ይወጣል፤ ማሻሻያው ዋናውን ፋይል በአዲስ ይተካዋል፤ የተደከመበት ሁሉ ውኃ ይበላዋል።

ብዙ ሰው «ሞድ መጫንን ማቅለል» ሲባል «ጫን» የሚል አንድ ቁልፍ ማስቀመጥ ይመስለዋል። ቁልፉ የመጨረሻው ሥራ ነው። ከቁልፉ በስተጀርባ ያለው ነገር ካልተስተካከለ ቁልፉ የሚያደርገው ተጫዋቹን በፍጥነት ወደ ችግር ማድረስ ብቻ ነው። እኔ የምይዘው መለኪያ ሌላ ነው፦ የገባው ሞድ ሲወጣ ጨዋታው እንደነበረ ይመለሳል ወይ? ለማውጣት ቀላል የሆነ ሞድ ለመጫንም ቀላል ሆኖ ይገኛል፤ ማውጣቱ የሚያስፈራ ከሆነ ግን መጫኑ የቱንም ያህል ቢያምር ተጫዋቹ እጁ እየተንቀጠቀጠ ነው የሚነካው።

ነገሩን ከሥሩ እንጀምር። ሞድ ማለት አንድ የቪዲዮ ጨዋታ ከተሠራ በኋላ፣ አብዛኛውን ጊዜ በተጫዋቾች እጅ፣ የሚደረግበት ለውጥ ነው። አዲስ ልብስ፣ አዲስ ካርታ፣ ሠሪዎቹ ሳያርሙት የቀረ ስህተት እርማት፣ የተተረጎመ ጽሑፍ ሊሆን ይችላል። አንዳንዴም ለውጡ ገፍቶ ገፍቶ ራሱን የቻለ ጨዋታ ይወልዳል። ካውንተር-ስትራይክ በ1999 ሲጀምር የሃፍ-ላይፍ ሞድ ነበር፤ ዶታም የተወለደው ከዋርክራፍት 3 ሞድነት ነው።

ከእነዚህ ሁሉ በፊት ትክክለኛውን መንገድ ያሳየው በ1993 የወጣው ዱም ነው። የዱም ሠሪዎች የጨዋታውን ሞተር፣ ማለትም ጨዋታውን የሚያንቀሳቅሰውን ፕሮግራም፣ ከካርታው፣ ከሥዕሉና ከድምፁ ለዩት። ካርታውና ሥዕሉ ዋድ በሚባል ፋይል ውስጥ ለብቻው ተቀመጠ። ተጫዋቹ የራሱን ዋድ ሲጨምር ሞተሩ አስቀድሞ ዋናውን፣ ከዚያም ተጨማሪውን ያነባል፤ በሁለቱም ውስጥ በአንድ ስም የተጠራ ካርታ ካለ የኋለኛውን ይወስዳል። ዋናው ፋይል አልተነካም። ሞዱን ለማውጣት የሚያስፈልገው ተጨማሪውን ፋይል አለመጥራት ብቻ ነው። ይህ መላ ከተገኘ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ዛሬም ድረስ ግን የጨዋታውን ፋይሎች አንድ ላይ ቆልፈው የሚለቁ ሠሪዎች ብዙ ናቸው።

በተቆለፈ ጨዋታ ላይ ሞድ ሠሪ የሚቀረው አማራጭ ፋይልን በፋይል መተካት ነው። ጉዳቱ ወዲያው ላይታይ ይችላል። አንዱ ሞድ የገጸ ባሕሪውን ሸሚዝ ቀይ ያደርጋል እንበል፤ ሌላው ባርኔጣውን ሰማያዊ ያደርጋል። ሸሚዙም ባርኔጣውም የተሳሉት በአንድ የሥዕል ፋይል ላይ ከሆነ ግን እያንዳንዱ ሞድ ይዞ የሚመጣው ያንኑ ፋይል ሙሉውን ነው። ኋላ የተጫነው የፊተኛውን ይደመስሰዋል። ተጫዋቹ ሁለት ሞድ ጭኖ አንዱን ብቻ ያገኛል፤ ማንም አይነግረውም። ሁለቱ ሞዶች በሐሳብ አልተጋጩም፤ የተጋጩት መተኪያው ጥሬ ስለሆነ ነው።

ስታርዱ ቫሊ የተባለው የእርሻ ጨዋታ በ2016 ሲወጣ ሞዶቹ በዚሁ መንገድ ነበር የሚጫኑት። በኋላ ግን ሁለት ፕሮግራሞች ነገሩን ቀየሩት፤ አንዱ ስማፒ፣ ሌላው ኮንቴንት ፓቸር ይባላል፤ ሁለቱም የጨዋታው ወዳጆች ሥራ ናቸው። አሠራራቸውን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ፓርስኒፕ የሚባለው የጨዋታው ሰብል ሲሸጥ 35 የወርቅ ሳንቲም ያወጣል። ይህን 50 ማድረግ የፈለገ ሞድ ሠሪ በድሮው መንገድ የዕቃዎቹን ሠንጠረዥ በሙሉ፣ በመቶዎች ከሚቆጠሩት መስመሮቹ ጋር፣ አባዝቶ ይለቅ ነበር። በአዲሱ መንገድ የሚጽፈው ትንሽ መመሪያ ብቻ ነው፤ በአማርኛ ቢነገር «ከዕቃዎቹ ሠንጠረዥ ውስጥ የፓርስኒፕን መስመር ፈልግ፤ ዋጋው ያለበትን ቦታ ብቻ 50 አድርግ» እንደማለት ነው። ጨዋታው ሲከፈት ሠንጠረዡን ይጠይቃል፤ ስማፒ መሃል ላይ ይቆምና ዋናውን ከዲስክ አንብቦ፣ የሞዶቹን መመሪያዎች ሁሉ በየተራ በሚሞሪ ላይ ፈጽሞ፣ የታረመውን ቅጂ ለጨዋታው ይሰጣል። ዲስኩ ላይ ያለው ፋይል ከተጫነ ጀምሮ እንደነበረ ነው። ሌላ ሞድ የድንችን ዋጋ ቢለውጥ ሁለቱ ጎን ለጎን ይኖራሉ። ተጫዋቹ የሚጠበቅበት የሞዱን ፎልደር ሞድስ በሚባለው ፎልደር ውስጥ ማስቀመጥ ነው፤ ካልፈለገው ከዚያው ያወጣዋል።

ሪምዎርልድ የተባለው ጨዋታም ተመሳሳይ ዘዴ ይጠቀማል፤ እዚያ ግን የመመሪያው በር የተከፈተው በጨዋታው ሠሪዎች በራሳቸው ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ሠሪዎቹ ራሳቸው በር ሲከፍቱ ማሻሻያ በሚያወጡበት ጊዜ ያንን በር ላለመዝጋት ይጠነቀቃሉ።

በሩን ያልከፈቱ ጨዋታዎችስ? እዚህ ላይ የሞድ ማናጀሮች፣ ማለትም ሞዶችን የሚያስተዳድሩ ፕሮግራሞች፣ ብልሃት ይመጣል። ስካይሪም ለተባለው ጨዋታና ለመሰሎቹ የተሠራው ሞድ ኦርጋናይዘር ሞዶቹን በጨዋታው ፎልደር ውስጥ ጨርሶ አያስገባም፤ እያንዳንዱን በየራሱ ፎልደር ለብቻው ያኖራል። ጨዋታው በእሱ በኩል ሲከፈት ኮምፒውተሩን «እዚህ ፎልደር ውስጥ ምን አለ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሞድ ኦርጋናይዘር ጥያቄውን ጠልፎ ዋናዎቹንና የሞዶቹን ፋይሎች አንድ ላይ አዋህዶ ያሳየዋል። በአንድ ሥዕል ላይ ብርሃን የሚያሳልፉ ስስ ወረቀቶች እንደ መደራረብ ነው፤ ከላይ የሚያይ ሰው አንድ ሥዕል ያያል፤ ወረቀቶቹ ሲነሱ የታችኛው እንዳለ ይገኛል። ቮርቴክስ የተባለው ሌላ ማናጀር ደግሞ የሞዱን ፋይል ሳያባዛ በጨዋታው ፎልደር ውስጥ ሁለተኛ ስም ይሰጠዋል፤ የትኛውን ስም የት እንዳኖረ ስለሚመዘግብ ሲታዘዝ መልሶ ይለቅመዋል። ዘዴው ቢለያይም የሁለቱም ጭንቀት አንድ ነው፤ ዋናውን አለማቆሸሽ።

ፋይሎቹን መለየት ግን የሥራው ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ መታወቂያ ነው። ስምና ስሪት የሌለው፣ ምን እንደሚፈልግ የማይናገር የፋይል ክምር ለማንም ፕሮግራም ዕንቆቅልሽ ነው። ስለዚህ በደንብ የተደራጁ ጨዋታዎች እያንዳንዱ ሞድ አንድ አጭር የጽሑፍ ፋይል እንዲይዝ ያስገድዳሉ፤ ማኒፌስት ይባላል። በውስጡ የሞዱ ስም፣ የሠሪው ስም፣ ከሌላ ሞድ ጋር የማይጋራው መለያ፣ የስሪቱ ቁጥርና እሱ እንዲሠራ አስቀድመው መኖር ያለባቸው ሌሎች ሞዶች ዝርዝር ይጻፋል።

የመጨረሻው ዝርዝር ከሁሉ ይበልጣል። ሞዶች እርስ በርስ ይደጋገፋሉ፤ አንዱ ሞድ ሌላው በሠራው ላይብረሪ፣ ማለትም ሌሎች ሞዶች በሚጠቀሙበት የኮድ ስብስብ፣ ላይ ይቆማል፤ ላይብረሪው በሦስተኛው ላይ። ይህ ሰንሰለት በጽሑፍ ካልሰፈረ ተጫዋቹ የሞዱን መግለጫ እስከ ታች አንብቦ፣ የጎደለውን ፈልጎ አውርዶ፣ የወረደው ደግሞ ሌላ እንደሚፈልግ አውቆ ሲንከራተት ያመሻል። ፋክቶሪዮ የተባለው ጨዋታ ይህን እንዴት እንደፈታው ሳየው ደስ ይለኛል። እዚያ ሞድ የሚፈለገውም የሚጫነውም ከጨዋታው ሳይወጡ ነው። ሞድ ሠሪው በማኒፌስቱ ላይ የሌላውን ሞድ ስም ሲጽፍ ከፊቱ ምልክት ማድረግ ይችላል፤ የጥያቄ ምልክት «ቢኖር ጥሩ፣ ባይኖርም እሠራለሁ» ማለት ነው፤ ቃለ አጋኖ «ከዚህ ጋር አብሬ አልሠራም» ማለት ነው። ምልክት ከሌለው የግድ ነው፤ የግድ የሆነውን ጨዋታው ራሱ አብሮ ያወርደዋል። ተጫዋቹ ሌሎች ወደሚጫወቱበት ሰርቨር ሲገባ ደግሞ የእሱ ሞዶች ከሰርቨሩ ጋር ካልገጠሙ ጨዋታው «ላመሳስላቸው?» ብሎ ይጠይቀዋል። ሃምሳ ሞድ ከነስሪት ቁጥሩ በእጅ ማመሳሰል ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው የዚያን ጥያቄ ዋጋ ያውቃል።

ቅደም ተከተል የሚባል ሌላ ችግር አለ፤ ይህን በስካይሪም ላይ ማየት ይሻላል። የስካይሪም ሞዶች በተራ ይነበባሉ፤ ሁለት ሞዶች አንዱን መንደር ቢነኩ ኋላ የተነበበው ያሸንፋል። በጨዋታው ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ነገር፣ ሰይፍም ሰውም ድንጋይም፣ ስምንት አሃዝ ያለው መለያ ቁጥር አለው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች ነገሩ ከየትኛው ሞድ እንደመጣ ይናገራሉ። በኮምፒውተሩ አቆጣጠር፣ አሃዞቹ አሥር ሳይሆኑ አሥራ ስድስት በሆኑበት፣ በሁለት አሃዝ የሚጻፉት ቁጥሮች 256 ብቻ ናቸው፤ አንዱን ጨዋታው ለራሱ ይይዘዋል። ስለዚህ የዋናው ጨዋታ ፋይሎችም ተቆጥረው ከ255 በላይ ማለፍ አይቻልም። ተጫዋቾች ለዓመታት ሞዶችን እርስ በርስ እየሰፉ ቦታ ይቆጥቡ የነበረው በዚህች ጠባብ ቁጥር ምክንያት ነው። በኋላ፣ እንደገና ተሻሽሎ በወጣው የጨዋታው ስሪት፣ «ቀላል» የሚባል የሞድ ዓይነት መጣ፤ ከ255ቱ አንዱን ቦታ ወስዶ ለ4,096 ትንንሽ ሞዶች አከፋፈለው። አንድ ተጫዋች ይህን ሁሉ ማወቅ አለበት? የለበትም። ሉት የተባለው ነፃ ፕሮግራም ስለ ሞዶቹ የተሰበሰበ ዕውቀት ይዞ ተራቸውን በራሱ ያስተካክላል፤ የሚጋጩትንም ይጠቁማል። በብዙ ሰው ልምድ የተገኘው እውቀት በአንድ ቦታ ተጽፎ ለሚቀጥለው ሰው ሲተላለፍ፣ ማቅለል ማለት እሱ ነው።

አሁን ወደ አሳዛኙ ክፍል። ሞዶች በአብዛኛው የሚሞቱት በጨዋታው ማሻሻያ ነው። አንዳንድ ሞዶች ከፋይል አልፈው የጨዋታውን ሞተር ራሱን ይነካሉ። ለስካይሪም የተሠራው ኤስ-ኬ-ኤስ-ኢ እንዲህ ያለ ነው፤ ጨዋታው በሚሞሪ ላይ ሲቀመጥ አንድ ተግባር በየትኛው አድራሻ እንደሚውል አውቆ እዚያው ይገባል። ማሻሻያ ሲመጣ አድራሻዎቹ ሁሉ ይዛወራሉ፤ ሳይነግርህ ቤት እንደሚቀይር ወዳጅ ነው፤ ሄደህ በሩን ብታንኳኳ የሚከፍትልህ ሌላ ነው። በኖቬምበር 2021 ጨዋታው አሥረኛ ዓመቱን ሲያከብር የወጣው ማሻሻያ በኤስ-ኬ-ኤስ-ኢ ላይ የቆሙትን ሞዶች በአንድ ቀን አቋረጣቸው። ለእንዲህ ያለው ችግር መፍትሔው የአድራሻ መዝገብ ነው፤ ሞዶቹ አድራሻን በቀጥታ በመጻፍ ፈንታ የተግባሩን ቋሚ መለያ ይጠይቃሉ፤ መዝገቡ ለየስሪቱ ትክክለኛውን አድራሻ ይመልሳል። ማሻሻያ ሲወጣ መቶ ሞድ ከመታረም አንድ መዝገብ ይታረማል።

ጨዋታ ሠሪዎች እዚህ ላይ በጥቂት ወጪ ብዙ መርዳት ይችላሉ። የድሮውን ስሪት መርጦ መጫወት የሚቻልበትን መንገድ መተው አንዱ ነው። ሌላው ስም ነው፦ የማይንክራፍት ኮድ የሚለቀቀው የውስጥ ስሞቹ ትርጉም በሌላቸው ፊደላት ተተክተው ነበር፤ ሞድ ሠሪዎች ለዓመታት እየገመቱ ትክክለኛውን ስም ይሰጡ ነበር። በ2019 ግን የጨዋታው ሠሪ ሞጃንግ የስሞቹን ዝርዝር ራሱ ይፋ አደረገ። አዲስ ጨዋታ ሳይጨምር፣ አንድ ዝርዝር በመልቀቅ ብቻ የብዙ ሰዎችን ሸክም አነሳ።

የስህተት መልእክትን ሰዎች እንደ ጌጥ ያዩታል፤ እኔ ከዋናዎቹ እቆጥረዋለሁ። ሞድ መበላሸቱ አይቀርም። ጨዋታው ዝም ብሎ ሲዘጋ ተጫዋቹ ያለው አንድ መንገድ ነው፤ ግማሹን ሞድ አውጥቶ መሞከር፣ ከተከፈተ የቀረውን ግማሽ መክፈል፣ እንደገና መሞከር። ስማፒ ግን ጨዋታው ሲከፈት ከጎኑ ባለ መስኮት «ይህ ሞድ ከአሁኑ የጨዋታው ስሪት ጋር አይሠራም፤ አዲሱን ከዚህ አውርድ» ብሎ ከነአድራሻው ይጽፋል፤ የተበላሸውን ትቶ የቀሩትን ይዞ ጨዋታውን ይከፍታል። አንዲት ግልጽ ዓረፍተ ነገር አንድ ምሽት ታድናለች።

ከላይ ስለ ማውጣት የተናገርኩት ከራሴ ከደረሰብኝ ነው። አንድ ጨዋታ ላይ አዲስ ቤት የሚጨምር ሞድ ነበረኝ። ኮምፒውተሬ ሲዝልብኝ ሞዱን አወጣሁት። ገጸ ባሕሪዬን ለመጨረሻ ጊዜ ያስተኛሁት እዚያው ቤት ውስጥ ነበር። ያስቀመጥኩትን ጨዋታ ስከፍት ቤቱ የለም፤ ቤቱ ሲጠፋ ገጸ ባሕሪዬ የሚቆምበት መሬት ጠፋ፤ ፕሮግራሙ ተዘጋ። ደግሜ ሞከርኩ፤ ደግሞ ተዘጋ። ሞዱን መልሼ ብጭነውም ሌላ ስሪት ስለነበረ አልተገናኙም። የብዙ ሳምንት ጨዋታ እንዲህ ሄደ።

ፋይሎቹ ንጹሕ ሆነው ቢመለሱም የተቀመጠው ጨዋታ ሞዱን ያስታውሳል ማለት ነው። በስካይሪምም የሞድ ስክሪፕቶች፣ ማለትም ሞዱ ይዟቸው የሚመጣቸው ትንንሽ ፕሮግራሞች፣ ሞዱ ከወጣ በኋላ በተቀመጠው ጨዋታ ውስጥ ይቀራሉ። ፋክቶሪዮ ይህንም አስቦበታል፤ የወጣ ሞድ ማሽኖች ያሉበት ጨዋታ ሲከፈት እነዚያን ማሽኖች አስወግዶ የቀረውን ይከፍታል፤ ምን እንደተወገደም ይዘረዝራል። ማንኛውም የሞድ ማናጀር ሞድ ከመውጣቱ በፊት የተቀመጠውን ጨዋታ ቅጂ ቢያስቀር ብዙ ኀዘን ይቀንሳል።

በአንድ ቁልፍ መጫንም የራሱ ጥያቄ አለው። በ2011 የተጀመረው ስቲም ወርክሾፕ፣ ስቲም በተባለው የጨዋታ መደብር ውስጥ ያለው የሞድ ማከፋፈያ፣ ነገሩን እጅግ አቅልሎታል፤ ተጫዋቹ ሞዱን ይመርጣል፣ ፋይሉ ይወርዳል፣ ሲሻሻልም በራሱ ይታደሳል። ችግሩ የመጨረሻው ላይ ነው። ጨዋታውን እያጋመሰ ያለ ሰው ትናንት ይሠራለት የነበረው ሞድ ሳያውቅ ሌሊት ተለውጦ ሊያገኘው ይችላል። «ይህን ስሪት አትንካብኝ» የሚል ምርጫ ቢኖር ቅለቱን አይቀንስም።

ደኅንነትም አለ። በ2023 አጋማሽ ፍራክቸራይዘር የሚባል አጥፊ ፕሮግራም በማይንክራፍት ሞዶች ውስጥ ተደብቆ ተገኘ። የገባው ከርስፎርጅ በተባለው የሞድ ማውረጃ ድረ ገጽ ላይ የተጠለፉ የሞድ ሠሪዎችን አካውንት ተጠቅሞ ነው፤ ከአንድ ሞድ ተነስቶ በኮምፒውተሩ ላይ ወዳሉት ሌሎች የጃቫ ፋይሎች ይዛመታል፤ የይለፍ መረጃም ይሰርቃል። የማይንክራፍት ሞድ ሙሉ ፕሮግራም ነው፤ ተጫዋቹ በኮምፒውተሩ ላይ ማድረግ የሚችለውን ሁሉ ማድረግ ይችላል። የፓርስኒፕን ዋጋ የሚቀይረው መመሪያ ግን ጽሑፍ ብቻ ነው፤ የማንንም የይለፍ ቃል ሊሰርቅ አይችልም። ሥዕልና ቁጥር መለወጥ ለሚፈልግ ሞድ የመመሪያ በር የከፈተ ጨዋታ ተጫዋቹን ከድካምም ከአደጋም አድኖታል።

ይህ ሁሉ ጎልቶ የሚታየው ኮንሶል፣ ማለትም ለጨዋታ በተሠራ መሣሪያ፣ ላይ ነው። እዚያ ተጫዋቹ የሚከፍተው ፎልደር የለም፤ ዚፕ አይፈታም፤ የተሰወረ ፋይል ፈልጎ አያጠፋም። ፎልአውት 4 በ2016 ለኤክስቦክስ ዋን፣ በዚያው ዓመት መጨረሻም ለፕሌይስቴሽን 4 ሞድ ሲፈቅድ፣ ባልደርስ ጌት 3 ደግሞ በ2024 የራሱን የሞድ ማናጀር በጨዋታው ውስጥ ሲያስገባ፣ ቀድሞ በተጫዋቹ ትከሻ ላይ የነበረው ሥራ በአብዛኛው፣ መለየቱም፣ ማውጣቱም፣ ወደ ሠሪዎቹ ዞረ። በእጁ የጨዋታ መቆጣጠሪያ ብቻ የያዘ ሰው ከዝርዝሩ ላይ ሞዱን ይመርጣል፤ ሲሰለቸው ምልክቱን ያነሳል።